የማባያው ሒሳብ

በምክር ክፍሎቻችን ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የተመጣጠነ ምግብ ሥዕል ብዙውን ጊዜ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ብርቱካንና ካሮት የተደረደሩበት ነው። ሥዕሉ አልተሳሳተም፤ የተሳለው ግን ለሌላ ቤት ነው። እናትየዋ ሥዕሉን አይታ፣ ምክሩን ሰምታ፣ «እሺ» ብላ ትወጣለች፤ ገበያ ስትደርስ የምታስበው ቤተሰቡን ወር የሚያደርሰውን እህል ነው። ከእህሉ የተረፈችው ብር ለዘይት፣ ለሽንኩርት፣ ለስኳርና ለሻይ ቅጠል ትሄዳለች፤ ወጡ የሚሠራው ከዚህ ሁሉ በተረፈው ነው። እኛ ባለሙያዎች ያልነካነው ይህን ቅደም ተከተል ነው። በአሶሳና በዙሪያዋ የምግብ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ለማጥገቢያው እህል የሚወጣው ብር ይመስለኛል። ከእህሉ ዓይነት ላይ ማትረፍ ይቻላል፤ የተረፈው ወደ ማባያው ቢዞር ያው ብር ሌላ ማዕድ ያቆማል። ማባያ ስል ወጡን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ከገንፎው፣ ከእንጀራው ወይም ከቂጣው ጎን የሚቀርበውን ሁሉ፣ ለውዙን፣ ባሚያውን፣ ጎመኑን፣ ማንጎውን ጭምር ነው።

እህል ባለበት አገር ሕፃን ሊቀነጭር እንደሚችል ቁጥሮቹ ይመሰክራሉ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የአገራችን ሕፃናት ከመቶ 38ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በእኛው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ 43፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46። ከሦስት ዓመት በኋላ በተደረገው አነስተኛ ጥናት አገራዊው ቁጥር 37፣ የእኛ ክልል 41 ሆኖ ተገኘ። የአማራ ክልል የጤፍ አገር ነው። የእኛውም ማሽላ፣ በቆሎና ዳጉሳ ብቻ ሳይሆን አኩሪ አተር፣ ለውዝና ሰሊጥ ጭኖ ወደ መሐል አገር የሚልክ ነው። የመቀንጨር ምክንያት ምግብ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ተቅማጡም፣ ወባውም፣ የውሃው ንጽሕናም፣ የእናትየዋ ጤናም አለበት። ቢሆንም ያው የ2008ቱ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 23 ወር ከሆኑት ሕፃናት በዓይነትም በድግግሞሽም ዝቅተኛውን መመዘኛ የሚያሟላ ምግብ ያገኙት ከመቶ 7ቱ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። የቀሩት 93ቱ ሁሉ ጾማቸውን ያድራሉ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ይበላሉ፤ የሚበሉት ግን ገንፎና እንጀራ፣ አንዳንዴም ብስኩት በሻይ ነው።

ወደ ገበያው ሒሳብ ልግባ። የዋጋ ቁጥር አልጽፍም፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ አይሆንም። የማይለዋወጠው በኪሎው ውስጥ ያለው ነገር ነው። አንድ ኪሎ አኩሪ አተር ወደ 360 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይይዛል፤ አንድ ኪሎ ቀይ ሥጋ 200 ግራም አካባቢ፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም። እንግዲህ የአንድ ኪሎ አኩሪ አተርን ፕሮቲን በእንቁላል ልግዛው ያለ ሰው ወደ 60 እንቁላል ሊገዛ ነው። ማሽላ ደግሞ ከመቶው አሥር ገደማ ፕሮቲን ቢኖረውም፣ ላይሲን የተባለው ገንቢ ንጥረ ነገር ያንሰዋል፤ አኩሪ አተርም ሆነ ሌላው ጥራጥሬ ይህንኑ የሚያትረፈርፍ ነው። ሁለቱ በአንድ ማዕድ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ሽሮ በእንጀራ የሚበላ ሕዝብ ይህን ያለ ላቦራቶሪ ደርሶበታል። በእኛ አካባቢ የጎደለው ሽሮው እየቀጠነ መሄዱ ነው፤ የአተርና የሽምብራ ዋጋ ሲወደድ ውሃው ይበዛል፣ በርበሬው ይበዛል፣ ዱቄቱ ያንሳል። ደጃፋችን ላይ የሚበቅለው አኩሪ አተር ግን በጆንያ ተሰፍቶ ወደ ዘይት ፋብሪካና ወደ ውጭ ገበያ ይጫናል።

የለውዙ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ክፉኛ ለተጎዱ ሕፃናት በጤና ኬላ የሚሰጠውን፣ ሁሉም «ፕላምፒነት» የሚለውን ከረጢት ቀድደን ብናየው፣ ዋናው ነገሩ የተፈጨ ለውዝ ነው፤ የወተት ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳርና ቪታሚን ተጨምሮበታል። በ1996 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የተፈለሰፈ፣ ዛሬ በአገራችንም የሚመረት መድኃኒት ነው። መድኃኒት ነው ስል አጥብቄ ነው፤ ለታመመ ልጅ የታዘዘውን በቤት ለውዝ መተካት አይቻልም። ልጁ ወደዚያ ደረጃ ሳይደርስ ግን በገንፎው ላይ አንድ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ጣል ማድረግ በዚህ አገር ከማንም አቅም በላይ ሊሆን አይገባም ነበር። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ እርጥበት ያገኘው፣ የተጨማደደውና የሻገተው ለውዝ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ መርዙም በመቁላት አይጠፋም። ርካሽ ነው ተብሎ ግርዱ ለልጅ መሰጠት የለበትም፤ ተለቅሞ ይጣል።

የአካባቢያችን የበርታ ሕዝብ ማዕድ ይህን ሁሉ ከእኛ በፊት አስቦበታል ብል ማጋነን አይሆንም። የማሽላ ገንፎው ከባሚያ ወጥ ጋር ይቀርባል፤ ባሚያው በክረምት እርጥቡ፣ በበጋ ደግሞ ተከትፎ የደረቀውና የተፈጨው። የተፈጨ ደረቅ ባሚያ ከድንበሩ ማዶ በሱዳንም «ወይካ» ተብሎ የታወቀ ነው፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት አትክልትን ከወር ወደ ወር ማሻገር ማለት ይኸው ነው። የቀርከሃ ቡቃያም እንዲሁ፤ ዝናብ ሲገባ ይቆረጣል፣ ይቀቀላል፣ የመጀመሪያው ውሃ ይደፋል፤ ውሃው የሚደፋው ቡቃያው ጥሬውን ሳያናይድ የሚያፈልቅ ነገር ስላለው ነው። ባለሙያው ምክንያቱን በመጽሐፍ ያገኘዋል፣ ባልቴቷ ሥርዓቱን በእጇ ታውቀዋለች። ነገር ግን ይህ ማዕድ ወደ ከተማ ሲገባ «የገጠር ምግብ» ተብሎ ወደ ጓዳ ይገፋል። እንግዳ ሲመጣ የሚቀርበው ነጭ እንጀራ ነው። ለክብር የምንከፍለው ብር ከማባያው ላይ የተቀነሰ መሆኑን የሚያስታውሰን የለም።

«ጤፍ እኮ ብረት አለው፣ ካልሲየም አለው» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። እውነት ነው፣ ጤፍ ጥሩ እህል ነው፤ አቅም ያለው ቢበላው እሰየው። በካልሲየም ግን ዳጉሳ ይበልጠዋል። ስለ ብረቱም ቢሆን፣ በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ከፊሉ አውድማ ላይ በከብት ሲወቃ ከአፈር የሚቀላቀል ነው፤ ሰውነት ደግሞ ከዚህ ብዙ አይጠቀምም። የእህል ብረት ወደ ደም የሚገባው ከጎኑ በቀረበው ነገር ልክ ነው። ከምግቡ ጋር ቪታሚን ሲ ያለው ፍራፍሬ ቢበላ ይጨምራል፤ ቡናና ሻይ ቢከተል ይቀንሳል። ማንጎ በ100 ግራም 36 ሚሊ ግራም ያህል ቪታሚን ሲ አለው፤ ሁለት መቶ ግራም ማንጎ ለአንዲት እናት የቀኑን ድርሻ ይሸፍንላታል ማለት ይቻላል። በአሶሳ በወቅቱ ማንጎ ከዛፍ ሥር ወድቆ ዝንብ ሲወረው፣ ልጆች ጠዋትና ማታ እየለቀሙ የሚበሉት እንደ ምግብ ሳይሆን እንደ ጨዋታ ነው። ያው ማንጎ ከምሳ ጋር፣ ትንሽ ለውዝ ወይም ዘይት ካለበት ማዕድ ጎን ቢቀርብ ለብረቱም ለቪታሚን ኤውም ይጠቅማል፤ ቢጫው ቀለም ወደ ሰውነት የሚገባው ከቅባት ጋር ነውና። ቡናውን ደግሞ ማንም ተው አይልም፤ ከምሳው አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ እንጂ። ወቅቱ ካለፈስ? ማንጎው በስሱ ተቆርጦ፣ ዝንብ እንዳይነካው ስስ ጨርቅ ተደርጎበት ከደረቀ ለወራት ይቆያል። ቪታሚን ሲው በማድረቅ በብዛት ይጠፋል፤ ቢጫው ግን ከፊሉ ይተርፋል። ክረምቱን ባሚያው፣ የዱባው ቅጠልና ጎመኑ ይረከቡታል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከሴቶቹ የሚመጣው ነው፤ «አኩሪ አተር ይሸታል፣ ከሰልም ይፈጃል» ይላሉ። ልክ ናቸው። ጥሬው አኩሪ አተር በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ ሲያድር ወይም እርጥቡን ሲፈጭ ያ የሣር ሽታ ይወጣዋል። መፍትሔው መጀመሪያውኑ የፈላ ውሃ ውስጥ መጨመር ነው፤ ሙቀቱ ሽታውን የሚያመጣውን ነገር ይገድለዋል። 20 ወይም 30 ደቂቃ ተቀቅሎ፣ በእጅ ታሽቶ ልጣጩ ሲነሳ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ለስለስ ብሎ ሲታመስ ከሽሮ እህል የሚለየው ጥቂት ነው። ሙቀቱ ለሌላም ጉዳይ ያስፈልጋል፤ ጥሬው አኩሪ አተር ፕሮቲን በሆድ ውስጥ እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር ስላለው፣ ሳይበስል የተፈጨ አኩሪ አተር ለልጅ መስጠት ጥቅሙን ማጥፋት ነው። ይህ ሥራ በየቀኑ ቢሆን ከሰሉም ጊዜውም አይበቃም ነበር። በወር አንዴ ተሠርቶ፣ ለአራት ጣሳ የሽሮ እህል አንድ ጣሳ ተጨምሮ ወፍጮ ቤት ቢሄድ ግን የወሩን ሽሮ ያወፍረዋል። ልፋቱ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ብቻ መውደቁ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን በምግብ ምክር ብቻ እንፈታዋለን ብዬ አላታልልም።

«ልጅ ያለ እንቁላልና ወተት ያድጋል ወይ?» ለሚለው የማያወላውል መልስ የለኝም። ቪታሚን ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ ወይም ከተጨመረበት ምግብ እንጂ ከጥራጥሬ አይገኝም፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ይቅር የሚል ባለሙያ ተሳስቷል። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የኢኳዶር ጥናት በቀን አንድ እንቁላል ለስድስት ወር የተሰጣቸው ሕፃናት መቀንጨር በ47 በመቶ መቀነሱን ገልጾ ዓለምን አነጋግሯል። ማላዊ ውስጥ ተመሳሳይ ሙከራ ሲደረግ ግን በቁመት ላይ ጎልቶ የሚታይ ለውጥ አልመጣም። አጥኚዎቹ ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ የዚያ አካባቢ ልጆች ቀድሞውንም ዓሣ ይበሉ ነበር የሚል ነው። ከዚህ የምወስደው ጥቂት የእንስሳት ምግብ ለትንሹ ልጅ በተከታታይ ቢደርሰው ብዙ እንደሚለውጥ ነው፤ የግድ እንቁላል መሆን የለበትም። የአባይና የዳቡስ ዓሣ፣ ከህዳሴው ግድብ ጀርባ በተኛው ንጋት ሐይቅ የሚወጣውም፣ ደርቆና ተፈጭቶ በማንኪያ ጫፍ ገንፎው ላይ ቢበተን ይበቃ ነበር። እንቁላሉም ቢሆን በቤቱ ዶሮ ካለች ለስድስት ሰው አይካፈልም፤ ለትንሹ ልጅና ለነፍሰ ጡሯ ይሁን። በብዙ ቤት ግን ወይ ይሸጣል ወይ ለአባወራው ይጠበሳል።

የመጨረሻው ተቃውሞ የድህነቱ ነው። በአገራችን ጤናማ ምግብ የመግዛት አቅም የሌለው ሕዝብ ከግማሽ በላይ እንደሆነ ዓለም አቀፍ ግምቶች ያሳያሉ፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳን ጦርነት በኩርሙክ በኩል ብዙ ስደተኞችን ወደ አሶሳ ዞን ሲያመጣ፣ ገበያው ላይ ተጨማሪ እጅ ተዘርግቷል። ምንም ብር ለሌለው ሰው የማባያ ሒሳብ መንገር ቀልድ ነው፤ ለእሱ የሚያስፈልገው እርዳታና ሥራ ነው። እኔ የምናገረው ብር ላለው፣ ግን ለጠበበበት ቤት ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ። የእነዚህ ቤቶች ትልቁ ጣጣ የብሩ ማነስ ብቻ ሳይሆን ብሩ የሚመጣበት ወቅት ነው። አኩሪ አተርም ለውዝም የሚረክሱት አዝመራ ሲገባ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ያኔ እጅ ላይ ጠቀም ያለ ብር የለም። ሐምሌ ላይ ያው እህል በጣሳ እየተሰፈረ በውድ ይገዛል።

ለዚህ የሚበጅ ነገር ቀድሞም በእጃችን አለ፤ እሱም እቁብ ነው። የሴቶቹ እቁብ ዕጣው በየሳምንቱ በብር ከሚወጣ፣ አንድ ዙሩ ታኅሣሥ ላይ እንዲያልቅ ተደርጎ በጋራ በኩንታል ቢገዛና በድርሻ ቢከፋፈል፣ የጅምላው ዋጋ ለሁሉም ይደርሳል። አኩሪ አተሩን እርጥበት እንዳይነካው ከመሬት ከፍ ባለ የቀርከሃ ቆጥ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ለውዙን ከነገለባው፣ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ እስኪል አድርቆ። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ሽፋን ፒክስ ከረጢት ከተገኘ ነቀዙ ውስጡ ታፍኖ ይሞታል። አፉ ግን አንዴ ከታሰረ በየቀኑ እየተፈታ መጨለፍ የለበትም፤ የሳምንቱ ተለይቶ በትንሽ ዕቃ ይውጣ።