ለሚሌዋ እናት የተላከው ጥቅል

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽና በገዋኔ በኩል ሚሌ ለሚደርስ ጥቅል ረጅሙ መንገድ ቀላሉ ነው። አስፋልቱ የታወቀ ነው፤ ከባቲ የሚወርደውም መንገድ እዚያው ሚሌ ላይ ይገጥመዋል፤ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለሱትም ከባድ መኪናዎች ብዙ ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው ጥቅሉ ከአውቶቡስ ከወረደ በኋላ ነው። ለመሆኑ ለእናት የተላከ ነጠላ፣ ለሕፃን የታዘዘ መድኃኒት፣ ከመናኸሪያው እስከ ደጃፍ ያለችውን አጭር መንገድ እንዴት ይዘልቃታል?

አገራችን የፖስታ አገልግሎት ያቋቋመችው በ1886 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ ደብዳቤያችን ለብዙ ዘመን ሲጓዝ የኖረው ወደ ቤታችን ሳይሆን ወደ ፖስታ ሣጥናችን ነው። አድራሻ ስንጠየቅም «ከመስጊዱ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» እንላለን እንጂ የመንገድ ስምና ቁጥር አንጠራም።

አምስት ጥቅል የጫነ ባለ ባጃጅ አምስቱን ቤቶች በ120 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊያዳርስ ይችላል። ጥቅሉ አሥር ሲሆን አማራጩ 3,628,800 ይደርሳል። ጆርጅ ዳንዚግና ጆን ራምሰር የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1959 ከማከማቻ ወደ ማደያዎች ቤንዚን የሚያመላልሱ መኪናዎችን ጉዞ በሒሳብ አጥንተው ለዚህ ዕውቀት መሠረት ጣሉ። ዛሬ በታላላቅ ከተሞች መንገድ ሲዘጋ ወይም ተቀባይዋ «ከሥራ አልወጣሁም» ስትል ኮምፒዩተር ተራውን ወዲያው ይለውጣል። (ጧት ልጇን መዋዕለ ሕፃናት አድርሳ፣ እህሉን ወፍጮ ቤት ጥላ፣ ከሥራ መልስ ገበያ የምትደርሰው እናት ይህንኑ ሒሳብ በየዕለቱ በልቧ እንደምትሠራው አንባቢዎቻችን ያውቁታል።)

ኮምፒዩተሩ ግን የሚያሰላው የተነገረውን ነው። በሚሌ ሙቀቱ በሞቃቶቹ ወራት ከ40 ዲግሪ ይዘላል፤ ስለዚህ ቀትር ሳይደርስ መሄድ ያለበትና እስከ ማታ ሊቆይ የሚችለው ዕቃ ይለያያሉ። በክረምት በወሎ ደጋ የዘነበው ዝናብ፣ ሚሌ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ወንዙን ሞልቶ ይመጣል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ከአልጋው ወጥቶ በአፋር ክልል በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን አፈናቅሏል። ትናንት መንገድ የነበረውን ደግሞ ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ይዘጋዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቤቱ ራሱ የሚንቀሳቀስ መሆኑ ነው። የአርብቶ አደሩን ቤት የምትተክለውም፣ ነቅላ በግመል የምትጭነውም ሴቲቱ ናት። አድራሻው ከእርሷ ጋር ይሄዳል ማለት ነው። ታዲያ ወደ እርሷ የሚሄድ ሰው የሚጠይቀው ዳጉን ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዝናቡ የት እንደጣለ፣ ሣሩ የት እንደበቀለ፣ የማን ቤተሰብ ወዴት እንደተነሣ ይነጋገራሉ። ያላዩትን እንዳዩ አድርጎ ማውራት በዳጉ ነውር ነው። ለዕቃ አድራሽ ከዚህ የበለጠ ካርታ ከየት ይገኛል?

ይህ የነጠላ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሕፃናት ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። የክትባት ሣጥን የያዘች የጤና ሠራተኛ ትናንት በተነሣ ሰፈር ስትንከራተት ከዋለች በረዶው ይቀልጣል፤ ሕፃኑም ሳይከተብ ይቀራል። ስለዚህ ከመነሣቷ በፊት ሰፈሩ የት እንዳለ ማወቁ ከመንገዱ ርዝመት ይበልጥ ያሳስባታል።

ወደ ሚሌ ዕቃ የምትልኩ እህቶች ከስም ጋር የተቀባይዋን ስልክ፣ በከተማው የሚያውቃትን አንድ ባለ ሱቅና አውቶቡሱ የሚደርስበትን ሰዓት በጉልህ ጻፉ። ተቀባይዋ ከከተማ ውጭ ከሆነች ዕቃው ባለ ሱቁ ዘንድ ይቀመጥና ወደ ገበያ የሚወጣ ዘመድ ይወስድላታል። መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ እንዳይጫን ለረዳቱ ፊት ለፊት ንገሩት፤ ጽሑፉን ላያነበው ይችላል።