እንዶድና በረኪና፤ ስለ ቤት መድኃኒት ምርጫ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ከመርካቶ ጋር ተያይዞ በሚገኘው በመሳለሚያ፣ እህል በረንዳ እየተባለ በሚጠራው ገበያ በኩል የሚያልፍ ሰው፣ ከየአገሩ በጭነት መኪና የመጣው ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ባቄላና ሽምብራ በጆንያ በጆንያ ተከምሮ፣ ተሸካሚዎችም እያወረዱና እየጫኑ፣ የእህሉ ብናኝ በፀሐይ ጨረር ውስጥ ሲንሳፈፍ ይመለከታል። ይህ ሁሉ እህል፣ በነጋዴው መጋዘን ሳለም ሆነ በየቤቱ ጓዳ ከገባ በኋላ፣ የሚጠብቀው አንድ የታወቀ ጠላት አለ፤ እርሱም ነቀዝ ነው። ነቀዙን ለማጥፋት ተብሎ ወደ ቤት የሚገባው መድኃኒት ግን ከነቀዙ ይልቅ ለቤቱ ባለቤትና ለልጆቹ የሚያስፈራ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ስለ ቤት ንጽሕናና ስለ ቤት መድኃኒት ምርጫ ጥቂት ለመጻፍ ከዚሁ ከመሳለሚያ መነሣት ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ለእህል ማከማቻ ከሚውሉት መድኃኒቶች መካከል በሰፊው የታወቀው አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው ክኒን ነው። ክኒኑ በአየር ውስጥ ያለውን እርጥበት ባገኘ ጊዜ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም በእህሉ መካከል ዘልቆ ነቀዙን ይገድላል። በትልቅ መጋዘን፣ በሠለጠነ ሰው እጅ፣ እህሉ በሸራ ተሸፍኖ፣ ሰው እንዳይገባ ተከልክሎ፣ ጋዙ የሚወጣበትም ጊዜ ተጠብቆ ሲሠራበት ጥቅሙ ግልጽ ነው። ነገር ግን መኝታውና የእህል ማስቀመጫው በአንድ ጣሪያ ሥር በሆኑበት፣ አንዱን ክፍል ከሌላው የሚለየው መጋረጃ ብቻ በሆነበት ቤት ውስጥ፣ ይህን ክኒን በጆንያ ጥሎ በዚያው ማደር በሕይወት ላይ መፍረድ ነው። ጋዙ በሳንባ ገብቶ ልብን ያደክማል፤ የሚያከሽፈውም ማርከሻ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ሐኪም የሚችለው የታማሚውን ሰውነት እየደገፈ መጠበቅ ብቻ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ሆኖም የተመዘገበውም ቢሆን ከዋናው ዕቃው ወጥቶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ወይም በብልቃጥ ተቀንሶ ሲሸጥ፣ ስሙ፣ መጠኑና ማስጠንቀቂያው በካርቶኑ ላይ ቀርተው መርዙ ብቻውን ወደ ቤት ይገባል። መጠኑን ሳያውቁ መድኃኒት መግዛት ትልቁ አደጋ ስለ ሆነ፣ ወደፊት ደጋግሜ የምመለስበት ነገር ይህ ነው።

አበው ይህን ጠላት ያለ መርዝ የሚከላከሉበት ጥበብ ነበራቸው፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀው ጤፍን ለሌላው እህል ጠባቂ አድርገው መሾማቸው ነው። ጤፍ ፍሬው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ አይደፍረውም፤ በደረቅ ጎተራ ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል። ይህን ያስተዋለው ገበሬ ሽምብራውን ወይም ባቄላውን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ያስቀምጣል፤ ደቃቁም ፍሬ በትልልቆቹ ፍሬዎች መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ስለሚሞላው፣ ነቀዙ የሚመላለስበት መንገድና የሚራባበት ስፍራ ያጣል። እህሉ በተፈለገ ጊዜ በወንፊት ይነፋል፤ ጤፉም ሽምብራውም ምንም ሳይጎድልበት ወደየምጣዱ ይሄዳል። ጤፍ ያልተረፈው ደግሞ የተነፋ ደረቅ አመድ ይጠቀማል፤ አመዱ የነቀዙን ገላ የሚሸፍነውን ስስ ሰም እየፋቀ በውስጡ ያለውን እርጥበት ያደርቅበታል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እህሉን በሰሌን ላይ አስጥቶ በፀሐይ ማድረቅ፣ ተሰብሮና ተሸርፎ የቀረውን አበጥሮ ማውጣት፣ አሮጌውን ከአዲሱ አለመቀላቀል፣ ጆንያውንም ከወለል ከፍ አድርጎ በርብራብ ላይ ማኖር የእናቶቻችን የዘወትር ሥራ ነበረ፤ ይህ ሥራ በከተማም ቢሆን፣ አንድ ኩንታል ገዝቶ ለሚያስቀምጥ ቤተ ሰብ፣ በጥቂት ፀሐያማ ቀን የሚፈጸም ነው።

የውጭው ዓለም ሳይንስም በዚሁ መንገድ ላይ ሲሄድ እናየዋለን። በአሜሪካ የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በካሜሩን የጥራጥሬ ነቀዝን ሲመረምሩ ያገኙትና ዛሬ በአገራችንም የሚሸጠው ፒክስ የተባለው ከረጢት፣ ሁለት ወፍራም ላስቲኮች በአንድ ጆንያ ውስጥ ተደራርበው የተሠሩበት ነው። እህሉ በደንብ ደርቆ ሲገባበትና እያንዳንዱ ላስቲክ ለየብቻው ጠብቆ ሲታሰር፣ በውስጡ ያለው ነቀዝ ራሱ የሚተነፍሰውን አየር ጨርሶ ይሞታል፤ አንዲት ጠብታ መርዝ አያስፈልግም። ያልደረቀ እህል ከገባበት ግን ሻጋታ ያበላሸዋል፤ ከረጢቱንም በየቀኑ መክፈት አየር እያስገባ ሥራውን ያፈርሳል።

ስለ ቤት ንጽሕና ሲነሣ ግን ከእንዶድ የሚቀድም ነገር የለም። ነጭ ሸማን፣ ነጠላንና ጋቢን ሳይጎዳ የሚያጥበው ይህ ፍሬ፣ ሳሙና ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ አገራችን ከመግባቱ ከብዙ ዘመን በፊት የኢትዮጵያ ሴቶች የሚታመኑበት ማጠቢያ ነበረ። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ ዱቄቱ በውሃ ሲበጠበጥ አረፋ ያወጣል፤ ይህም በውስጡ ካለው ሳፖኒን ከሚባለው ንጥረ ነገር የተነሣ ነው። የሚያጥቡበት ሰዎች አረቤ የሚሉትን ዘር አህዮ ከሚሉት ያስበልጣሉ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ብልሃርዝያ በሽታ ለመመርመር ወደ ዐድዋ ወርደው ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። የብልሃርዝያ ትል በመጀመሪያ የሚያድገው በቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ቀንድ አውጣው ሲጠፋ በሽታው መንገዱን እንደሚያጣ ተረዱ፤ በዚያውም በዐድዋ፣ በዚሁ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 እና በ1974 መካከል ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆናቸው ሕፃናት ዘንድ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ተቋም በ1966 የተመሠረተው በእርሳቸው ጥረት ነበረ፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በመሆንም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ያልተማሩ በሚባሉ እናቶች እጅ ውስጥ ይኖር የነበረ ዕውቀት በሊቃውንት ፊት ምስክር አግኝቶ መቆሙ፣ እኔ እንደማምነው፣ በአገራችን የሳይንስ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ የሚገባው ነገር ነው።

ነገር ግን በዚሁ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ትምህርት አለ። እንዶድ ቀንድ አውጣን የገደለው መርዝነት ስላለው ነው፤ ዓሣንም ይገድላል፤ በሚወቀጥበት ጊዜ ዱቄቱ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስነጥሳል፤ እንደ መድኃኒት የጠጡትም ሰዎች በብርቱ ተጎድተውበታል። ብርብራ የተባለውን ዛፍ ፍሬ ወቅጠው በውሃ ላይ በመበተን በጣና ዙሪያ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ዕፅ መርዝ እንደሚሆን ያውቃሉ፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የሚባለው ንጥረ ነገር በፈረንጆችም ዘንድ ለፀረ ተባይነት ሲያገለግል የኖረ ነው። ኮሶም ትልን ያወጣል፤ ከልኩ ያለፈው ግን ዓይንን እስከ ማሳወር ይደርሳል። ስለዚህ ከዕፀዋት የተገኘ ሁሉ ገር ነው ብሎ ማመን፣ ከፋብሪካ የወጣ ሁሉ ክፉ ነው ብሎ ከማመን ያላነሰ ስሕተት ነው። አያቶቻችን ዕፁን ከነልኩ ያውቁት ነበር፤ ኮሶ በስንት እንደሚጠጣ፣ ለማንስ እንደሚከለከል ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፍ ነበረ። ዕፁ ከገጠር ተጭኖ ወደ ቅመም ተራ ሲመጣ፣ ልኩ የሚታወቅበት ትምህርት አብሮት ላይመጣ ይችላል፤ ገዢው መጠየቅ የሚገባው ስለዚህ ነው።

የበረኪና ነገርም በዚሁ ሚዛን ሊታይ ይገባዋል። ውሃ አጋር እየተባለ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው የመጠጥ ውሃ ማከሚያና የመጸዳጃ ቤት ማጽጃው በረኪና፣ ሁለቱም በባሕርያቸው አንድ ዓይነት የክሎሪን ውህድ ናቸው፤ በልክ የቀጠነው ሕፃኑን ከተቅማጥ በሽታ ሲጠብቀው፣ ያልቀጠነው ጉሮሮውን ይበላዋል። በየሰፈሩ ሱቅ በረኪናን በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ መሸጥና ያንኑ ጠርሙስ ከመጠጥ ውሃው አጠገብ ማስቀመጥ እጅግ የሚያሳዝን ልማድ ነው፤ የተጠማ ሕፃን ጠርሙሱን በመልኩ እንጂ በውስጡ ባለው አይለየውምና። የጠጣ ልጅ ቢገኝ እንዲያስመልስ ማስገደድ አይገባም፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ዳግመኛ ያቃጥለዋል፤ አፉን በውሃ አስጉመጥምጦ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። በረኪናን ከአቸቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር የቀላቀለ ሰው ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ያስነሣል፤ ሽንት ባለበት ስፍራ ሲደፋም ሳንባን የሚጎዳ ሌላ ጋዝ ይፈጠራል። ለዕለት ተዕለት ሥራ ግን ብዙውን ጊዜ በረኪናው ራሱ አያስፈልግም፤ ድስትና ብርጭቆ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይነጻሉ፤ የማንቆርቆሪያ ዝገት የመሰለው የውሃ ድንጋይ በአቸቶ ወይም በሎሚ ይለቃል፤ ጋንና እንስራ በግራዋ ቅጠል ይታጠባሉ።

ስለ ትኋን፣ ስለ ቁንጫና ስለ በረሮ በአጭሩ እናገራለሁ። ፓውል ሚዩለር የተባለውን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1948 የኖቤል ሽልማት ያሸለመው ዲዲቲ፣ የወባ ትንኝን ለመከላከል በአዳሚ ቱሉ ፋብሪካ ሲዘጋጅ የኖረ ሲሆን፣ አሜሪካዊቷ ራሔል ካርሰን ስለ ፀረ ተባይ ጉዳት የጻፈችው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1962 ከታተመ ወዲህ በአፈርና በወተት ውስጥ የሚከማች ዕድሜ ረጅም መርዝ መሆኑ በዓለም ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የስቶክሆልም ስምምነትም ከበሽታ አስተላላፊ ነፍሳት መከላከያነት በቀር ጥቅሙ ተከለከለ። ስለዚህ ዲዲቲ በአልጋ ላይ የሚነዛ ነገር አይደለም። ለትኋን የፈላ ውሃ በአልጋው እንጨት ስንጥቅ ውስጥ ማፍሰስ፣ አንሶላውን በፈላ ውሃ አጥቦ መተኮስ፣ ግድግዳውን መለሰን፤ ለበረሮ ማታ የምግብ ፍርፋሪ አለማሳደር፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ መጠገን፣ የታየውንም በሳሙና ውሃ መርጨት በቂ ነው። ይህ አንድ ቀን ተሠርቶ የሚተው አይደለም፤ መርዙ የሚመረጠውም ይህን ድካም ለማስቀረት ነው።

በመዓዛ ቤትን ማጠን የአገራችን መልካም ልማድ ነው፤ ጥንጁትና ወይራ ለወተት ዕቃና ለጠላ ጋን፣ ዕጣንና ከርቤ ለቤትና ለቤተ መቅደስ። ጢሱ ነፍሳትን ማራቁም እውነት ነው። ሆኖም ሳንባ የዕጣንን ጢስ ከማገዶ ጢስ አይለየውም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በቤት ውስጥ ከማገዶ፣ ከከሰልና ከመሰሉት በሚወጣው ጢስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው ሞተዋል። ስለዚህ ጥንጁቱ ሲታጠን መስኮቱ ይከፈት፣ ሕፃኑም ከክፍሉ ይውጣ፤ በተለይ የክረምቱን ብርድ ለመከላከል ተብሎ የከሰል ምድጃ ከነፍሙ ወደ መኝታ ቤት መግባት የለበትም፤ ሽታና መልክ የሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ በእንቅልፍ ላይ ያለውን ሁሉ ሳይቀሰቅስ ይገድላል። እንጀራ በማገዶ ለሚጋገርበት ቤት ምርጥ የተባለው ዙሪያውን የተዘጋ ምድጃ፣ ለከሰልም ላቀች የተባለው፣ ማገዶውን በመቆጠብ ጢሱንም ይቀንሳሉ።

በመጨረሻም ስለ ዕቃ። በመርካቶ የሚገኘው ምናለሽ ተራ አሮጌውን ነገር ሁሉ ለአዲስ አገልግሎት የሚያዘጋጅ፣ ለድሀው ቤት ባለውለታ የሆነ ስፍራ ነው፤ እዚያ የሚገዛ ጀሪካን ግን አስቀድሞ ምን እንደ ተያዘበት ሳይታወቅ ለውሃ፣ ለዘይት ወይም ለጠላ ሊውል አይገባም። ፀረ ተባይ የነበረበት ፕላስቲክ መርዙን በገላው ውስጥ ስለሚመጥጠው፣ ምንም ያህል በአመድና በፈላ ውሃ ቢፋቅ አይጠራም። ገዢው ክዳኑን ከፍቶ ያሽት፤ የተላጠ ጽሑፍ ወይም የራስ ቅል ሥዕል ፋና ካየበት ይተወው። መድኃኒቱን የጨረሰ ሰው ደግሞ ጀሪካኑን ሦስት ጊዜ አለቅልቆ፣ እጣቢውን ወደ ወንዝ ሳይደፋ፣ ታችና ጎኑን በምስማር በስቶ ማስወገድ ይገባዋል፤ የተበሳ ጀሪካን ማንም ለውሃ አይገዛውምና።