ቁልፉ ስንት ይሁን?

ስሙኝማ ልጆች፣ አንድ ነገር ገብቶኝ መቀመጥ አቅቶኛል!

በሲ ቋንቋ ትኬት የሚሸጥ ፕሮግራም እንሥራ እንበል፤ ፒያሳ ላይ ለሲኒማ ኢትዮጵያም ለሲኒማ አምፒርም የሚሆን። ትኬት ቆራጮቹ ብዙ ናቸው፣ ሁሉም እኩል ይሸጣሉ። ለእያንዳንዱ ቆራጭ ፕሮግራሙ ውስጥ ለብቻው የሚሮጥ ሥራ አለ፤ «ትሬድ» ይሉታል። ሁለት ትሬዶች አንዷን ወንበር እኩል «ባዶ ናት» ብለው ቢሸጧትስ? ፊልሙ ሳይጀመር ጠብ ሊነሳ ነው!

መፍትሔው «ሚውቴክስ» የሚባል ቁልፍ ነው። ካፌ ባንኮኒ ላይ፣ እንዳይጠፋ እንጨት ታስሮበት እንደሚንጠለጠለው የሽንት ቤት ቁልፍ ነው፦ የያዘው ይገባል፣ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል፣ የወጣው ይመልሳል።

ለአዳራሹ በሙሉ አንድ ቁልፍ ካደረግን የፊቱን ረድፍ የሚሸጠው የኋላውን የሚሸጠውን በከንቱ ያስቆመዋል። ስለዚህ ለየረድፉ አንድ አንድ ቁልፍ ይኑር። ግን ረድፉ ስንት ነው? አዳራሹ ይለያያል፤ ቁጥሩ የሚታወቀው ፕሮግራሙ ተነሥቶ ሲጠይቅ ነው። ኮዱ ላይ 20 ብለን ከጻፍን 21ኛው ረድፍ ቁልፍ አጣ ማለት ነው።

የበራልኝ እዚህ ጋ ነው! ቁልፉ ለካ ሜሞሪ ላይ ያለ ቁራሽ ቦታ ነው፤ በተለመደው ባለ 64 ቢት ፒሲ፣ ሊኑክስ ላይ 40 ባይት። ውስጡ አንዲት ቁጥር አለች፦ 0 ከሆነች ነፃ ነው፣ 1 ከሆነች ተይዟል፣ 2 ከሆነች ተይዞ ወረፋ የሚጠብቅም ሊኖር ይችላል። በቃ! ሜሞሪ ከሆነማ ፕሮግራሙ እየሮጠ ሜሞሪ የሚሰጠውን «ማሎክ»ን ይጠይቃላ፦ የረድፉ ብዛት ሲባዛ በአንዱ ቁልፍ ስፋት። 25 ረድፍ? 1,000 ባይት። ስፋቱ ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ 40ን አትጻፉ፤ «ሳይዝኦፍ» ራሱ ይንገራችሁ።

ማሎክ የሚሰጠው ቦታ ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም። ስለዚህ ትሬዶቹ ከመነሳታቸው በፊት ቁልፉን ነፃ አድርጎ የሚያዘጋጀውን «ፒትሬድ ሚውቴክስ ኢኒት»ን በየቁልፉ ላይ ጥሩ። ለትሬዶቹ የምትሰጡት የቁልፎቹን አድራሻ ብቻ ነው። ማሎክ የሰጠውን ቦታ ሁሉም ያየዋል፣ ቁልፉም ለሁሉም ያው ነው። ገልብጣችሁ ከሰጣችሁ ግን ሁሉም የየራሱን ይዞ ይገባል! መሃል ላይ በ«ሪያሎክ» ማስፋትም ያው ጣጣ ነው፤ ቁልፎቹን ወደ ሌላ ቦታ ሊገለብጣቸው ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ መቁጠር፣ አንዴ መጠየቅ። ትሬዶቹ ሁሉ ሲጨርሱ ቁልፎቹን «ዲስትሮይ»፣ ከዚያ ቦታውን «ፍሪ»።

እስቲ በየማሽናችሁ የአንዱን ቁልፍ ስፋት አሳትሙና ስንት እንዳለ ንገሩኝ!