ዝቅ የተደረገች ቮልስና አሞርዛተሯ

መኪናን ዝቅ ማድረግ የከተማ ወጣቶች ፈሊጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ አባት ለልጁ ያወረሳት አሮጌ ቮልስዋገን ቀለሟ ታድሶ፣ ቸርኬዋ ተለውጦ፣ ሆዷ ከአስፋልቱ አንድ ስንዝር እንኳ ሳይርቅ ስታልፍ፣ ተመልካቹ «አማረባት» ይላል፤ በእርግጥም ያምርባታል፤ ክብደቷ ወደ መሬት በመቅረቡ ኩርባ ላይ የማዘንበል ጠባይዋ እንደሚቀንስም አይካድም። ነገር ግን ይህችው መኪና በበዓለ ልደት ሰሞን ባለቤቷን ይዛ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፋ፣ ደሴንና ወልዲያን ተሻግራ፣ ከጋሸና ወደ ሰሜን ተገንጥላ ወደ ላሊበላ ስትወርድ፣ ከ650 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ጎዳና የሚፈርድባት በመልኳ ሳይሆን ከእያንዳንዱ እግሯ አጠገብ ተሰውሮ በሚሠራው ቱቦ፣ ማለትም በአሞርዛተሯ ነው።

የዚህ ዕቃ ግብር በብዙ ሰው ዘንድ ተሳስቶ ይነገራል። አሞርዛተር መኪናን የሚሸከም ይመስላቸዋል፤ ስለዚህም መኪናቸው ዝቅ ካለች በኋላ ሆዷ ድንጋይ በነካ ቁጥር «ጠንካራ አሞርዛተር ስጠኝ» እያሉ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይወርዳሉ። ሸክሙ ግን የሞላው፣ የባሌስትራው ወይም የተርሽን ባሩ ዕጣ ነው። ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም ገዳም በበቅሎ የሚወጣ ምእመን ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ የሚሸከመው የበቅሎዋ ጀርባ፣ የሚገታው ልጓሙ ነውና፣ ጭነት ከበዳት ብሎ ልጓም የሚያጠብቅባት ሰው ቢገኝ ባለ በቅሎው ራሱ ይስቅበታል።

ሞላ ጉድጓድ ሲያገኘው የተቀበለውን ኃይል አጥፍቶ አያስቀረውም፤ አከማችቶ ይመልሰዋል እንጂ፤ ገቺ ካላገኘም መኪናዋን ወደ ላይና ወደ ታች ደጋግሞ ያንጣታል። አሞርዛተሩ ዘይት የተሞላ ቱቦ ነው፤ በውስጡ የሚመላለሰው ፒስተን ጠባብ ቀዳዳዎችና በስስ የብረት ሳህን የሚከደኑ በሮች ስላሉት፣ ዘይቱ በእነዚያ በኩል ተጨንቆ ሲያልፍ የእንቅስቃሴው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱም በቱቦው ግድግዳ አልፎ ወደ አየር ይበተናል። ዘይቱ የሚቃወመው ፍጥነትን እንጂ ክብደትን ስላልሆነ፣ የቆመች መኪና ተራውን ዓይነት አሞርዛተር ቢፈቱባት ከፍታዋ አይለወጥም። ደግሞም ሲጨመቅና ሲዘረጋ የሚያሳየው ተቃውሞ እኩል አይደለም፤ ሞላው ያከማቸውን የሚለቀው በመዘርጋት ጊዜ ነውና፣ ለመንገድ የተሠራው ብዙውን ጊዜ ሲዘረጋ ይበልጥ ይከብዳል።

ቮልስ በዚህ ረገድ የራሷ ሥርዓት አላት። ከኋላዋ የተጠቀለለ ሞላ የላትም፤ በሻንሲዋ ቱቦ ውስጥ በግራና በቀኝ የተጋደሙ ሁለት የብረት ዘንጎች፣ ማለትም ተርሽን ባሮቿ፣ እየተጠመዘዙ ይሸከሟታል። የእያንዳንዱ ዘንግ የውስጥ ጫፍ 40፣ የውጪው ጫፍ 44 ጥርስ አለው። በውስጥ አንድ ጥርስ ማዞር 9 ዲግሪ፣ በውጪ አንድ ጥርስ ማዞር ደግሞ 8 ዲግሪ ከ11 ደቂቃ ያህል ስለሚሆን፣ አንዱን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ የሚያዞር ሜካኒክ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ልዩነት ከፍታዋን ሊወስን ይችላል፤ ይህን የነደፈው አእምሮ ሊመሰገን ይገባዋል። ብዙ ባለቤቶች የሚዘነጉት ታዲያ ይህ ነው፤ ዘንጉ ዞረ እንጂ አልተቆረጠም፤ ጥንካሬውም ያው የቀድሞው ነው። እንግዲያስ ዝቅ ላለችው ቮልስ የሚያሻት ከቀድሞው የጠነከረ አሞርዛተር ሳይሆን ከቀድሞው ያጠረ ነው። መኪናዋ 5 ሴንቲ ሜትር ስትወርድ የነባሩ አሞርዛተር ፒስተን ያን ያህል ወደ ውስጥ ጠልቆ ይቀመጣል፤ ጉድጓድ ሲመጣ የሚሸሽበት ስፍራ ስለሚያጣም ከቱቦው ወለል ጋር ይላተማል፤ ጥቂት ወራት እንዲህ ከተቀጠቀጠ በኋላ በወለሉ ያለው በር ይሰበራል፤ ባለቤቱም ሻጩን ይረግማል።

ስለዚህ ገንዘብ ከመቁጠር በፊት ሜትር ይያዝ። መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ሳለ ከላይኛው ማሰሪያ እስከ ታችኛው ያለው ርቀት ይለካ፤ ቀጥሎ በክሪክ ተነሥታ እግሯ ተንጠልጥሎ ሳለ፤ በመጨረሻም እግሯ ጉዞዋን የሚያቆመውን የመግቻ ጎማ እስኪነካ ወደ ላይ ተገፍቶ። እስከ መጨረሻው የተጨመቀው አሞርዛተር ከዚህ ከሦስተኛው ልክ ጥቂት ማጠር አለበት፤ ጉዞውን መግታት የመግቻ ጎማው ፈንታ እንጂ የፒስተኑ አይደለምና። የማሰሪያውም ዓይነት ይታይ። በጥንቶቹ ቮልሶች የፊተኛው አሞርዛተር ሁለቱም ጫፉ ቀለበት ሲሆን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1966 ሞዴል ወዲህ ባሉት ባለ ቦል ጆይንቶች የላይኛው ጫፍ ብሎን ስለሆነ፣ አንዱ በሌላው ስፍራ አይገባም።

የተጠቀለለ ሞላ ያላት መኪና ሒሳብዋ ሌላ ነው። ሞላን በመጋዝ ቆርጦ ማሳጠር እኔ የማልመክረው ሥራ ቢሆንም፣ ተሠርቶ ከተገኘ ግን ውጤቱ ይታወቅ፤ 8 የሚሠሩ ጥምዝ ከነበሩት አንዱ ቢቆረጥ የቀረው ሞላ 14 በመቶ ያህል ይጠነክራል፤ ለእርሱ የሚስማማው የአሞርዛተር ተቃውሞ ግን 7 በመቶ ያህል ብቻ ቢጨምር ይበቃዋል። ለእሽቅድምድም የተሠራውን ድርቅ ያለ አሞርዛተር የሚገዛ ሰው እንግዲህ ምን ያህል ከልክ እንዳለፈ ራሱ ይገምት። እንዲህ ያለው አሞርዛተር በኮረኮንች ላይ ሞላው ቶሎ እንዳይዘረጋ ስለሚይዘው፣ ጎማው ቀጣዩ ጉድጓድ ሲደርስ ገና ወደ ስፍራው አልተመለሰም፤ መኪናዋ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ጥቂት በጥቂት እየሰመጠች ሄዳ በመጨረሻ በመግቻ ጎማዋ ላይ ትጓዛለች።

ሶማሌ ተራ ሲገቡ የሚሰማው ቃል የታወቀ ነው፤ «ጋሼ፣ ይኼ ኦርጅናል ካያባ ነው፣ ዓይንዎን ጨፍነው ይውሰዱ!» ካያባ የተከበረ የጃፓን ሥራ መሆኑ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን መልካም ስም ረዥሙን አያሳጥረውም። ከስሙ ይልቅ ዓይነቱ ሊጠየቅ ይገባል። ባለ ሁለት ቱቦው በውስጠኛው ቱቦ ይሠራል፣ በውጪኛው ትርፍ ዘይት ያኖራል፤ ጋዝ የሌለው ከሆነ በረዥም ኮረኮንች ላይ ዘይቱ ከአየር ጋር እየተደባለቀ አረፋ ይሆንና ኃይሉን ያጣል። ፈረንሳዊው ደ ካርቦን በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የፈለሰፈው፣ የጀርመኑ ቢልሽታይንም ለመርሴዲስ እያቀረበ ያስፋፋው ባለ አንድ ቱቦ፣ ዘይቱንና ናይትሮጅኑን በተንሳፋፊ ፒስተን ስለሚለይ ከዚህ ነቀፋ ነፃ ነው፤ ሙቀትም ቶሎ ያስወጣል። የጋዙ ግፊት ግን የፒስተኑን ዘንግ ከ20 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ወደ ውጭ ስለሚገፋው ቀላልዋን ቮልስ ጥቂት ከፍ ያደርጋታል፤ ዝቅ እንድትል ለደከመ ሰው ይህ ትንሽ ቀልድ ነው። ከዚህም የሚብሰው፣ የውጪ ግድግዳው ራሱ የፒስተኑ ቤት ስለሆነ፣ ከጎማ የተፈናጠረ ድንጋይ ቢያጎደጉደው ፒስተኑ ይታነቃል። በእኔ ፍርድ እንግዲህ ለላሊበላ መንገድ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ጋዝ የተሞላበት፣ አጠር ያለው ባለ ሁለት ቱቦ ይመረጣል። ተጋድሞ የከረመውንም ከመግጠም በፊት አቁሞ፣ በሞርሳ ይዞ፣ በዝግታ ደጋግሞ መጭመቅና መዘርጋት ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ላይ በመካከሉ ባዶ ሆኖ የሚያመልጠው ዘንግ አየሩ ሲወጣለት ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ክብደት ያሳያል።

ከፍታን የሚመልስ አሞርዛተር ግን የለም። አሸተን ማርያም ከአለት ተፈልፍላ፣ ትውፊት ከንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ዘመን ጋር የሚያያይዛት፣ ከባሕር ጠለል ከ3000 ሜትር በላይ የምትገኝ ገዳም ናት፤ ወደ እርሷ የሚያወጣው ድንጋያማ ዳገት ስንዝር ለማይሞላ ሆድ አልተሠራም። ቮልሷ ላሊበላ ትቅር፤ ባለቤቷ በእግሩ ወይም በበቅሎ ይውጣ። እርሱም ከመውጣቱ በፊት፣ መኪናዋ ከረዥሙ መንገድ እንደቆመች፣ እጁን በጥንቃቄ ወደ አራቱ አሞርዛተሮች ያስጠጋ። ሲሠራ የዋለው ሞቆ ይገኛል፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የቀዘቀዘ ካለ ዘይቱን ጨርሷል ወይም በሩ ተሰብሯል፤ አዲስ አበባ ሲመለስም እርሱ ብቻውን ሳይሆን በዚያው አክስል ላይ ያለው ጓደኛው ጭምር ይለወጥ።