ያ ኪኒን ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ እኛ ጋ እስኪደርስ



ዛሬ ስለ በሽታ ምልክት አላወራችሁም። የማወራችሁ ስለ አንድ ውል ነው። «ውልና ጤና ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ማለት ነው። ወር በወር መድኃኒት የሚወስዱ አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ቀን ብልቃጡን በነጠላቸው ጫፍ እየቋጠሩ «ዶክተርዬ፣ ይሄን ኪኒን የሠራው ማነው? ልመርቀው ብዬ ነው» አሉኝ። «የውጭ ሰዎች ናቸው እማማ» ብዬ አለፍኩት። እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም ነበር።

ኪኒኑ ውስጥ ካሉት መድኃኒቶች አንዱ ስታቩዲን ነበር፤ እኛ «ዲፎርቲ» የምንለው። ታሪኩን ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ንጥረ ነገሩን መጀመሪያ የሠሩት በ1960ዎቹ አሜሪካ ዲትሮይት ውስጥ የነበሩት ተመራማሪ ጄሮም ሆርዊትዝ ናቸው። ለካንሰር ብለው ነበር፤ አልሠራም፣ ተተወ። በ1980ዎቹ ግን የዬል ዩኒቨርሲቲዎቹ ዊሊያም ፕሩሶፍና ታይ ሹን ሊን ኤችአይቪን እንደሚገታ ደረሱበት።

ውሉ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ፋብሪካ የለውም። ስለዚህ ተመራማሪው አዲስ ነገር ሲያገኝ ለዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ሽግግር ቢሮ ያሳውቃል። ቢሮው ፓተንት ያወጣል፣ ከዚያ ለአንድ ኩባንያ የማምረት ፈቃድ ወይም ላይሰንስ ይሰጣል። ኩባንያው በሰው ላይ የሚደረገውን ሙከራ ወጪ ይሸፍናል፣ ከሽያጩም ለዩኒቨርሲቲው ድርሻ ይከፍላል። አሜሪካ ውስጥ በ1980 የወጣው የቤይ ዶል ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች በመንግሥት ገንዘብ የተገኘ ግኝት ባለቤት እንዲሆኑ ከፈቀደ ወዲህ ይህ አሠራር በጣም ተስፋፍቷል።

አሠራሩ በራሱ ክፉ አይደለም። ገንዘብ የሚያወጣ ከሌለ ግኝቱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ የሆርዊትዝም ዕጣ ይሄው ነበር። ጥያቄው ውሉ ላይ ምን ተጻፈ፣ ምንስ ተረሳ የሚለው ነው።

ዬል ፈቃዱን የሰጠው ለብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ ብቻ ነበር። መድኃኒቱ በ1994 አሜሪካ ውስጥ ጸደቀ። ለዩኒቨርሲቲውም በዓመት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ማስገባት ጀመረ። በዚያው ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሰው እየረገፈ ነበር። ፓተንቱ እዚያም ስለተመዘገበ ርካሹን ጀነሪክ ማስገባት አይቻልም።

በየካቲት 2001 ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ለዬል ደብዳቤ ጻፈ፤ «ጀነሪኩ ደቡብ አፍሪካ እንዲገባ ፍቀዱልን» አለ። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ፈቃዱን ለኩባንያው ብቻ ስለሰጠን መልስ መስጠት የሚችለው እሱ ነው የሚል። አያችሁ? ባለቤቱ ዩኒቨርሲቲው ነው፤ እጁን ያሰረው ግን የራሱ ፊርማ ነው።

የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ዝም አላሉም፤ ፊርማ አሰባሰቡ። ፕሩሶፍ ራሳቸውም በይፋ ከጎናቸው ቆሙ። ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በመጋቢት ወር ኩባንያው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፓተንቱን ተጠቅሞ ማንንም እንደማይከለክል አስታወቀ፤ ዋጋውንም በቀን ወደ 15 የአሜሪካ ሳንቲም፣ በዓመት 55 ዶላር አካባቢ አወረደው። ሁሉም ነገር በሁለት ወር ውስጥ!

መድኃኒቱ ግን ከጸደቀ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። በእነዚያ ዓመታት ለሞቱት ደብዳቤው አልደረሰላቸውም።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ የደሃ አገር ታካሚ መታሰብ ያለበት ውሉ ሲፈረም እንጂ ሰው ካለቀ በኋላ አይደለም። ዶልቴግራቪርን ተመልከቱ። ይሄኛው የዩኒቨርሲቲ ግኝት አይደለም፤ ግን አሜሪካ ውስጥ በ2013 ጸድቆ በ2014 ላይ ለደሃ አገሮች ጀነሪክ እንዲመረት ፈቃድ ተሰጠ። ዛሬ እዚህ አገር አብዛኛው ታካሚ የሚወስደው እሱን ነው።

በየዩኒቨርሲቲያችን ላላችሁ ተመራማሪዎችም አንድ ቃል አለኝ፦
• ግኝታችሁን ለሕዝብ ከማውጣታችሁ በፊት የቴክኖሎጂ ሽግግር ቢሮውን አማክሩ፤ ቀድሞ የታተመ ነገር ፓተንት ሊከለከል ይችላል።
• ፈቃድ ስትሰጡ «አቅም ለሌለው ታካሚ እንዴት ይደርሳል?» የሚለውን ውሉ ላይ አስጽፉ። ከፊርማ በኋላ መለመን ነው የሚቀረው።

ስታቩዲን ብዙ ሰው አትርፏል፣ ግን ጣጣም ነበረው። እኚያ እናትም ቆይተው «እግሬን እሳት ለበለበኝ» ይሉኝ ጀመር፤ ነርቭ ይጎዳል፣ የጉንጭንም ስብ ያጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ቀስ በቀስ እንዲቀር መከረ፤ የእሳቸውም ተቀየረላቸው። እናንተም መድኃኒታችሁ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ሐኪማችሁን አማክሩ እንጂ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ።

ዛሬ ቢጠይቁኝ ኖሮ «ሆርዊትዝን፣ ፕሩሶፍን፣ ሊንን፤ ደግሞ ፊርማ ያሰባሰቡትን ልጆች ይመርቁልኝ እማማ» እላቸው ነበር።

ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉለት።