ከዛፍ እስከ መሥመር፤ የሠዓሊው የፒየት ሞንድሪያን አሣሣል

የዘመናዊ ሥዕል ነገር በተነሣ ቍጥር «ይህንማ ሕፃን ልጅም ይሠራዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ወቀሳ ከሚደርስባቸው ሠዓሊዎች አንዱ የሆላንድ ተወላጅ የሆነው ፒየት ሞንድሪያን ነው። በነጭ ሸራ ላይ ጥቂት ጥቋቍር መሥመሮችና አንዳንድ ቀይ፥ ሰማያዊና ቢጫ አራት ማዕዘኖች ብቻ ያየ ሰው ቢጠራጠር አንፈርድበትም። ነገር ግን ሠዓሊው ከዚህ የደረሰው ዕድሜው ወደ ሃምሳ ሲጠጋ ስለ ሆነ፥ የቀደሙትን ሥራዎቹን በተራ ሳይመለከቱ ስለ ኋለኞቹ መናገር የሚቻል አይመስለንም።

ሞንድሪያን በ1872 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ተወለደ። ከ1892 ጀምሮ በአምስተርዳም የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተምሮ፥ ዕድሜው ሠላሳ አምስት እስኪሆን ድረስ የአገሩን ወንዝ፥ የነፋስ ወፍጮና የገበሬ ቤት እንደ ሌሎቹ የዘመኑ ሠዓሊዎች ሲሥል ኖረ። እጁ የሠለጠነ መሆኑን ለሚጠራጠር ሰው እነዚህ ሥዕሎች በቂ ማስረጃ ናቸው።

ለውጡን በግልጥ የሚያሳዩት ግን ዛሬ በሔግ ከተማ ቤተ መዘክር የሚገኙት ሦስት የዛፍ ሥዕሎች ናቸው። በ1908 ዓ.ም. በጀመረው «ቀይ ዛፍ» ላይ ግንዱ እንደ ፍም ቀልቶ በሰማያዊ መደብ ላይ ቆሟል፤ ቀለሙ ከተፈጥሮ ራቀ እንጂ ዛፍነቱ አልጠፋም። በ1911 ዓ.ም. የፒካሶንና የብራክን ሥራዎች በአምስተርዳም ትርኢት ላይ አየ። በዚያው ዓመት በሣለው «ግራጫ ዛፍ» ላይ ደማቁን ቀለም ፈጽሞ ትቶታል፤ ቅርንጫፎቹ እንደ መረብ ተዘርግተው፥ በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ እንደ ቅርንጫፎቹ ሁሉ ክብደት አግኝቷል። እኛ ከሦስቱ አብልጠን የምንወደው ይህን ነው፤ ሠዓሊው ዛፉን ገና ሳይለቅ ከዛፉ በላይ የሆነ ነገር ሲፈልግ ይታይበታልና። በ1912 ዓ.ም. በተሣለው «ያበበ የቱፋሕ ዛፍ» ላይ ግን ቅስት ቅስት መሥመሮች ብቻ ቀርተዋል፤ ርእሱ ባይነግረን ዛፍ መሆኑን ባላወቅንም ነበር።

ይህን ሁሉ የሚቀንሰው ለምን ነበር? በ1909 ዓ.ም. የቴዎሶፊ ማኅበር አባል የሆነው ሞንድሪያን፥ ከሚታየው ነገር በስተጀርባ የማይለወጥ ሥርዓት አለ ብሎ ያምን ነበር። በ1915 ዓ.ም. ባሕርን ሲሥል ማዕበሉን በአጫጭር አግድምና ቋሚ ጭረቶች ብቻ አመለከተ። በ1919 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ተመልሶ ብዙ ሳይቈይ የታወቀበትን አሣሣል አጸና። ገዢው ጥቂት ስለ ነበረ በዚያው ዘመን ለዕለት ጕርሱ አበባ እየሣለ ይሸጥ ነበር፤ እንግዲህ ተፈጥሮን መሣል ስላቃተው አልነበረም የተዋት። ወዳጁ ቫን ዱስቡርግ ሰያፍ መሥመር ባስገባ ጊዜም ከእርሱ ተለየ።

እንዲህ ያለ ግትር ሰው በዚያው ይጸናል ብሎ መገመት ተገቢ ነበር። ሆኖም በ1940 ዓ.ም. በ68 ዓመቱ ከጦርነቱ ሸሽቶ ኒው ዮርክ ሲገባ፥ የከተማው ሥራ የበዛበት ጎዳናና ቡጊ ዉጊ የተባለው የጥቍሮች አሜሪካውያን ሙዚቃ ማረኩት። ባለ ቀለም የወረቀት ጥብጣብ በሸራው ላይ እያጣበቀና እያነሣ የመሥመሮቹን ስፍራ ይሞክር ጀመር። በ1943 ዓ.ም. በፈጸመው «ብሮድዌይ ቡጊ ዉጊ» ላይ ሃያ ዓመት የታወቀበት ጥቍር መሥመር የለም፤ በምትኩ ቢጫ መሥመሮች በትንንሽ ቀይ፥ ሰማያዊና ግራጫ ካሬዎች ተቈራርጠው ዐይንን ያስሮጣሉ። ከዚያ የቀጠለውን ሥዕል አልጨረሰውም፤ በየካቲት 1944 ዓ.ም. ሲሞት ጥብጣቦቹ ገና ከሸራው ላይ አልተነሡም ነበር።