ስፋታቸው አንድ፣ ቀለሃቸው ልዩ ልዩ

«ሰባት ነጥብ ስድሳ ሁለት ነው» ማለት ብቻውን ጥይትን ለመለየት አይበቃም። ቁጥሩ የሚናገረው የአፈሙዙን ቀዳዳ ስፋት በሚሊ ሜትር እንጂ የቀለሃውን ርዝመት አይደለም። ከሽንፋ እስከ መተማ የሚታወቀው የክላሽ ቀለሃ 39 ሚሊ ሜትር ነው። በንጉሡ ዘመን ከአሜሪካ የመጣው የኤም 14 ቀለሃ 51፣ የቀዳሚው የኤም ዋን ደግሞ 63 ሚሊ ሜትር ይረዝማል።

ባለ 51ዱ በዓለም አዳኞች ዘንድ ስሙ የገነነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 «308 ዊንቸስተር» ተብሎ ለገበያ ሲቀርብ፣ የተሻሻለው ባሩድ አጭሩ ቀለሃ ከረጅሙ የተቀራረበ ኃይል እንዲሰጥ አስችሎ ነበር። በ1955 አንገቱን አጥብበው «243»ን ሠሩ፤ እርሳሱ ቀላልና ፈጣን፣ ግፊያውም ለትከሻ የለዘበ ነው። ለድኩላ መሰል እንስሳ ይበቃል፤ ለከባዱ ግን 308 ይመረጣል። የክላሽ 8 ግራም እርሳስ በሰከንድ 715 ሜትር ያህል ሲወረወር፣ የኤም 14ቱ 9.5 ግራም እርሳስ 840 ሜትር ገደማ ይጓዛል።

አደጋው መመሳሰላቸው ነው። የኤም 14 ጥይት በኤም ዋን ውስጥ ሊጎርስ ይችላል፤ ቦታው ስለሚሰፋው ግን ቀለሃው ሊሰነጠቅና የጋለው ጋዝ ወደ ተኳሹ ሊመለስ ይችላል። በወታደራዊ ቀለሃ ቂጥ ላይ የሚታተመው ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ምልክትና ዓመት እንጂ ልኬት አይደለም፤ ስለዚህ ከቂጡ እስከ አንገቱ ጫፍ በማስመሪያ መለካት ይሻላል።

መሣሪያ የሚያዘው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት በፈቃድ ነው። በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ በየትኛውም ጥይት ማደን ክልክል ነው።